ደማስቆ፦ ዙፋኑ ሄዶ ዒልሙ የቆየባት ከተማ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ ከዓለም ጥንታዊ ከተሞች አንዷ ስለሆነችው ስለ ደማስቆ እናወጋችኋለን። መንግሥታት ሲፈራረቁ ይህችን ከተማ ያቆያት ምንድን ነው?

ደማስቆ በበረዳ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የሻም ከተማ ናት። ከኢስላም በፊት የአራማውያን መዲና ነበረች፤ ኋላም ሮማውያን ገዝተዋታል። እ.ኤ.አ. በ635 (በ14 ዓመተ ሂጅራ) አቡ ዑበይዳና ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) የተሳተፉበት ሠራዊት ሲይዛት፣ ነዋሪዎቿ ለሕይወታቸው፣ ለንብረታቸውና ለአብያተ ክርስቲያናቸው ዋስትና ተሰጣቸው። የአገራችን ልጅ የሐበሻው ቢላልም (ረ.ዐ) በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ ሻም ሄደው እዚያው አረፉ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ቀብራቸው በደማስቆ ባብ አስ-ሰጊር እንደሆነ ይናገራሉ።

በ661 ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆኑ ደማስቆ የኢስላማዊው መንግሥት መዲና ሆነች። በኡመያዎች ዘመን ግዛቱ ከአንደሉስ እስከ ሲንድ ሰፋ። ኸሊፋ አል-ወሊድም በ706 ዛሬም ድረስ የሚሰገድበትን ታላቁን መስጊድ ማሠራት ጀመሩ። ይሁን እንጂ በ750 ሥልጣን ወደ ዐባሲያዎች ሲዞር ዙፋኑ ወደ ዒራቅ ሄደ። ከተማይቱ የኸሊፋዎች መዲና ሆና የቆየችው ከ90 ዓመት ላነሰ ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ዙፋኑ ከሄደ በኋላ ምን ቀረ? መልሱ ዒልምና ወቅፍ ነው። በ1154 ደማስቆን የያዙት ኑረዲን ዘንጊ በሽተኞች በነጻ የሚታከሙበትን ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ለሐዲስ ትምህርትም ቤት ሠሩ። ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ሕክምናን የተማሩት በዚህችው ከተማ ነው። በ1187 ቁድስን ያስመለሱት ሰላሑዲንም በ1193 በደማስቆ ሲሞቱ፣ ለቀብራቸው ወጪ የሚበቃ ገንዘብ እንኳ በግምጃ ቤታቸው አልተገኘም። ሱብሃነላህ!

መከራም አልቀረላትም። በ1401 ተይሙር ከተማዋን አቃጥሎ የእጅ ባለሙያዎቿን ወደ ሰመርቀንድ ወሰዳቸው። በ1893 ታላቁ መስጊድ እንደገና ተቃጠለ፤ ነዋሪዎቹ ግን ተረባርበው መልሰው ሠሩት። ከ1516 ጀምሮ ዑስማኒያዎች፣ ከ1920 ጀምሮ ፈረንሳዮች ገዟት፤ በ1946 የነጻይቱ ሶሪያ ዋና ከተማ ሆነች። በ2011 የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ከ50 ዓመት በላይ የዘለቀው የአሳድ ቤተሰብ አገዛዝም በታኅሣሥ 2024 በቀናት ውስጥ ተገረሰሰ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ዛሬ የለም። የኑረዲን ሆስፒታል ግን ሕንጻው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ለዘመናት የስንቱን ቁስል ሲያክም ኖሯል። ሰደቀቱል ጃሪያ ማለት ይህ ነው። እኛም ለምንኖርበት ቀበሌ መድረሳ ይሁን የውኃ ጉድጓድ፣ ከእኛ በኋላ የሚቆይ ምን እየሠራን ነው? አላህ ከሚጠቅም ሥራ ባለቤቶች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።