«ዳኛው ይነሡልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም

ያገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል። ሰውን የሚያስመርረው የተወሰደበት ነገር ብዛት ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ ነው ማለት ነው። ይህንኑ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን፤ ታሪኩም ከዚሁ ካዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከሚገኘው ከኮልፌ ጋር የተያያዘ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪቃዊው የሕግ ሰው አቶ ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ ሳለ፣ ጥቂት ሳምንታት እንደ ተማሩ ተጠርተው ወዳገራቸው ተመለሱና ሐምሌ 29 ቀን ተያዙ። ክሱም ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ አነሣሥተዋል፣ ያለ ፓስፖርትም ካገር ወጥተዋል የሚል ነበር። ኮልፌ ያደረሳቸው ጉዞ ራሱ ወንጀል ሆነባቸው።

በጥቅምት ወር 1955 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ አስቀድመው ያመለከቱት ዳኛው ከችሎት እንዲነሡላቸው ነበር። ሕጉን ያወጣውም፣ የከሰሰውም፣ የሚፈርደውም ነጩ ወገን ሲሆን፣ ጥቁሩ ሕዝብ ሕጉ ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም፤ ማንም በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሊሆን አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። ይህንንም የተናገሩት የዳኛውን ጠባይ ለመንቀፍ እንዳልሆነ ገለጡ። ይሁን እንጂ አቤቱታውን መርምሮ ውድቅ ያደረገው ያው ዳኛ ነበር። ጥቅምት 28 ቀንም የአምስት ዓመት እስራት ፈረደባቸው።

በአገራችን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመሩ ያዛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ፣ ዳኛው ከተከራካሪው ጋር ሥጋ ዝምድና ወይም ጋብቻ ካለው፣ ወይም ነገሩን ቀድሞ በዳኝነት ወይም በሽምግልና አይቶት ከሆነ ከችሎት እንዲነሣ ይደነግጋል። ስለዚህ የኮልፌ ቀራንዮ ባለጉዳይ በቂ ምክንያት ሲኖረው፣ ዳኛ የደፈርሁ ይመስልብኛል ብሎ ሳይፈራ ማመልከት ይችላል። ዳኛውም እስኪጠየቅ ሳይጠብቅ ራሱ ቢነሣ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጐድልም።

ተሸናፊ ሳይኖር ሙግት አይፈጸምም። ነገር ግን ቃሉን በሚገባ ሰምቶ፣ ለማንም ሳያዳላ የፈረደበትን ዳኛ ያየ ሰው፣ በቅሎውን አስረክቦም ቢሆን ቂም ሳይዝ ወደ ቤቱ ይመለሳል።