ስድስት ደቂቃ በሠላሳ ሜትር ኮሪደር

«ልጄ፣ ደግሞ ሚዛን ላይ ልታወጣኝ ነው?» አሉኝ ገና ከበሩ ሳያልፉ። የ52 ዓመት እናት ናቸው፤ ገበያ ላይ ቅመም ይሸጣሉ። ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ካርዳቸው ላይ 112 ኪሎ ተጽፏል።

አዲስ አበባ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ወፍራም ሰው ሕክምና ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠብቀው ሚዛን ነው፤ ከሚዛኑ ቀጥሎ ቁጣ። «ክብደትዎን አውቀነዋል፤ ዛሬ የማየው አቅምዎን ነው» አልኳቸው።

መለኪያው የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ይባላል። ደልዳላ ኮሪደር ላይ 30 ሜትር ይለካና ጫፍና ጫፉ ላይ ኮን ይቆማል። ታካሚው በስድስት ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ይመላለሳል፤ መሮጥ የለም። ከደከመው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ከጉዞው በፊትና በኋላ የልብ ምት፣ ግፊትና በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይታያል። የግፊት መለኪያው ማሰሪያ ለክንዱ ከጠበበ ግፊቱን ከትክክለኛው ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ለእሳቸው ሰፊውን አመጣሁ።

አብራቸው የመጣችው ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ልትሄድ ተነሣች። እንድትቀመጥ ለመንኳት፤ አጠገብ የሚሄድ ሰው ሳያስበው የታካሚውን ፍጥነት ይለውጣል። እኔም ብሆን እንዳሻኝ አላበረታታም። ደቂቃ በሞላ ቁጥር «ጥሩ እየሄዱ ነው፤ ይህን ያህል ደቂቃ ይቀርዎታል» ብቻ እላለሁ፤ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳውን ተደገፉ። ትንፋሽ ያጠራቸው መስሎኝ ነበር። «ትንፋሼስ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ነው እንቢ ያለኝ» አሉ። ይህች ቃላቸው ከርቀቱ እኩል ዋጋ አላት። ታካሚውን ያቆመው ልቡ ነው፣ ሳንባው፣ ጡንቻው ወይስ መገጣጠሚያው? ሕክምናው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲለምደው ርቀቱ ስለሚጨምር፣ በቂ ዕረፍት አድርገው ደግመው ሄዱና የተሻለውን መዘገብኩ፦ 330 ሜትር።

ከዚህ የጠለቀም ምርመራ አለ። ታካሚው ጭምብል አጥልቆ ብስክሌት ይመታል ወይም በመሮጫ ማሽን ላይ ይራመዳል፤ ሰውነቱ በደቂቃ የሚጠቀምበት ኦክስጅን ይለካል። የዚህ ልኬት መሠረት የተጣለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በእንግሊዛዊው ተመራማሪ ኤ. ቪ. ሂል ነው። ውጤቱ ሲነበብ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ የተለመደው ኦክስጅኑን ለክብደት ማካፈል ነውና። አንዱ 60 ኪሎ፣ ሌላው 120 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሰዎች እኩል 2.4 ሊትር ተጠቀሙ እንበል። የመጀመሪያው በኪሎ 40 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው 20 ይደርሰዋል። ሁለተኛው ሰው ደረጃ ሲወጣ የሚከብደው ለዚህ ነው። ሆኖም ሰውነታቸው በጠቅላላው የሚጠቀመው ኦክስጅን እኩል ስለሆነ፣ 20ን ብቻ አይቶ «ልቡ ደካማ ነው» ማለት ስህተት ነው። ጠቅላላው ሊትርና በኪሎ የሚደርሰው ቁጥር አብረው መነበብ አለባቸው። የአዲስ አበባ ከፍታም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የእኛን ሰው ውጤት ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ጋር እንዳለ ማወዳደር አይገባም።

እናታችን የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና በየቀኑ አጭር ጉዞ ታዘዘላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ሚዛኑ 110 ኪሎ አለ። «ሁለት ኪሎ ብቻ?» ብላ ልጃቸው አዘነች። ኮሪደሩ ላይ ግን አንዴም ሳያርፉ 390 ሜትር ሄዱ። «አሁን እኮ ዘንቢሌን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ እወጣለሁ» አሉኝ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሚዛን ብቻ ቢሆን የያዝነው፣ የሦስት ወር ልፋታቸው ሁለት ኪሎ ተብሎ ይቀር ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ጉልበትዎ ካስቸገረዎ «ከውፍረቴ ነው» ብለው አይለፉት። ደረትዎን የሚያምዎ ከሆነ ወይም በቅርቡ የልብ ሕመም ካጋጠመዎ ይህን የእግር ጉዞ ልኬት በራስዎ አይሞክሩት፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። ሐኪምዎ ዘንድ ሲቀርቡም አቅምዎ እንዲለካ ይጠይቁ። እኛ ባለሙያዎች ደግሞ ከቁጣው በፊት ኮሪደሩን እናስቀድም።