የሚንኳኳ የውሃ ቧንቧ፤ መንስኤውና ማስተካከያው

የቧንቧ መክፈቻ ሲዘጋ ግድግዳው በመዶሻ የተመታ ያህል የሚሰማው ድምፅ በመኖሪያ ቤቶችም ሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ግቢ የተለመደ ነው። ከመለመዱ የተነሣ ማንም አይደነግጥበትም። ሆኖም ድምፁ በተሰማ ቁጥር መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፤ ውሎ አድሮም ቧንቧው ይሰነጠቃል። ይህ በቤት ውስጥ ቢደርስ ጉዳቱ የረጠበ ግድግዳ ነው። በበጋ ወራት በማኅበሩ ችግኝ ጣቢያ ዋና መስመር ላይ ቢደርስ ግን ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ መደቡ ሁሉ ውሃ ያጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ የተሰነጠቀውን ቧንቧ መለወጥ ብቻ ነው። መንስኤው ካልተወገደ አዲሱም እንደ አሮጌው መሰንጠቁ አይቀርም።

ምቱ ከየት ይመጣል

የውስጥ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱም 600 ሜትር የሆነ መስመር ከ1,100 ኪሎ ግራም በላይ ውሃ ይይዛል። ይህ ክብደት በሰከንድ 1 ሜትር እየተጓዘ ሳለ በድንገት ሲዘጋበት የጉዞው ኃይል ወደ ግፊት ይለወጣል። በብረት ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ከነበረበት በላይ በካሬ ሴንቲሜትር 12 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል፤ ይኸውም 120 ሜትር ከፍታ ካለው ታንከር የሚወርድ ውሃ የሚኖረው ግፊት ነው። ፕላስቲክ ስለሚለጠጥ ምቱ ወደ ሲሶ ያህል ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም መገጣጠሚያው በደንብ ካልተያያዘ ይህም ይበቃዋል። ሞንጎልፊዬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1796 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ምት ተጠቅሞ ያለ ሞተር ውሃን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ሠርቷል፤ ኃይሉ የሚናቅ አይደለም።

ግፊቱ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1,200 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ስለዚህ በ600 ሜትር መስመር ደርሶ ለመመለስ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል። መዝጊያው በ1 ሰከንድ ውስጥ ከተዘጋ ምቱ በሙሉ ኃይሉ ይደርሳል፤ ረዘም ባለ ጊዜ ከተዘጋ ግን ይበርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሳራቺኔስካ ሲዘጋ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ውሃውን እምብዛም አይቀንሱትም፤ አብዛኛው ውሃ የሚቆመው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዙሮች ነው። ቀስ ማለት የሚያስፈልገውም በዚያን ጊዜ ነው።

በቤት ውስጥ

የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ድምፁ መቼ እንደሚሰማ መጠየቅ ይኖርበታል። መክፈቻው ሲዘጋ ብቻ ከሆነ ከላይ የተገለጸው ምት ነው። ውሃው እየወረደ ሳለ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ጎሚኒው ተበልቷል ወይም ላልቷል፤ በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል። በፈረቃ የጠፋ ውሃ ሲመለስ የሚተፋና የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ከፍ ብሎ ያለውን መክፈቻ በጥቂቱ ከፍቶ አየሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ይበቃል።

ለትክክለኛው ምት በመጀመሪያ ቧንቧው ከግድግዳው ጋር መታሰሩ ይታይ። የሚወዛወዝ ቧንቧ በማሰሪያ ይያዝ፤ በማሰሪያውና በቧንቧው መካከል ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቢገባ ድምፁን ይቀንሳል። ማሰር ግን ድምፁን እንጂ ግፊቱን አያጠፋም። ግፊቱን ለማብረድ ከመክፈቻው አጠገብ በቲ ላይ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጫፉ በታፖ ይደፈናል። በውስጡ የሚቀረው አየር እንደ ትራስ ምቱን ይቀበላል። ይህ አየር ቀስ በቀስ በውሃው ውስጥ ስለሚሟሟ ከጊዜ በኋላ ድምፁ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፣ የላይኛውንና የታችኛውን መክፈቻ ከፍቶ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ማፍሰስና እንደገና መሙላት ነው። ባለ እጀታው፣ በሩብ ዙር የሚዘጋው አዲስ ዓይነት መክፈቻ ለእጅ ቢመችም ምቱን ያብሳል። ረጅም መስመር ጫፍ ላይ የድሮው ባለ ጥርስ መክፈቻ ይሻላል።

በማኅበሩ ፓምፕ ላይ

ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሞተሩን ድንገት ሲያጠፋ ወደ ዳገት ይወጣ የነበረው ውሃ ተመልሶ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ በኃይል ይመታዋል። ስለሆነም የመግፊያው መስመር ሳራቺኔስካ ቀስ ተብሎ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ቢሠራ ፓምፑ ይግላል። ሲነሣም ሳራቺኔስካው በጥቂቱ ተከፍቶ ይጀመርና ቀስ በቀስ ይከፈት።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። እንዲህ ባለ ቦታ ዋናው መከላከያ ራሱ ቫልቩ ነው። ማጠፊያው የዛገ ወይም ያረጀ ክዳን ዘግይቶ ይወርዳል፤ ውሃው ወደ ኋላ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ስለሚዘጋ ምቱን ያብሰዋል። በፀደይ የሚዘጋው ዓይነት ውሃው ከመመለሱ በፊት ስለሚዘጋ፣ ማኅበሩ ለቧንቧ መለወጫ ያሰበውን ገንዘብ አስቀድሞ በዚህ ላይ ቢያውለው ይመረጣል።