«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ነገሩ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ማምሻውን መብራት ይሄዳል፤ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ሱቁ ተከፍቶ የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ሲጫን ግን ድምፅ የለም፤ ምስልም የለም። ደንበኛው ደረሰኝ እየጠበቀ ቆሟል። የዱቤው መዝገብ፣ የዕቃው ዝርዝርና የአቅራቢዎች ሒሳብ ያለው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ማሽኑን በታክሲ ጭኖ ጥገና ቤት ያደርሰዋል። እዚያ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፦ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ቢገዙ ይሻላል።»

ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይመረመር የሚሰጥበት ጊዜም አለ። አልነሳም ያለ ኮምፒዩተር ገመዱ ላልቶ፣ ራሙ አቧራ ይዞ ወይም ኃይል ሰጪው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ደግሞ ዋጋቸው ከአንድ ማሽን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይህን ሳያጣሩ አዲስ ማሽን መግዛት አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ዓይነት ነው።

ስህተቱ ዛሬ ከትናንቱ የበለጠ ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ወቅት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተርም ሆነ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ በመሆኑ ያለአግባብ የተጣለ ማሽን ከነጋዴው ካፒታል ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ነው።

ከርካሹ መጀመር

ጥሩ ጠጋኝ የሚለየው ብዙ ዕቃ በመቀየር ሳይሆን በቅደም ተከተል በመሥራት ነው። ቅደም ተከተሉም ቀላል ነው፦ በመጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን መፈተሽ፣ ቀጥሎ ርካሹን፣ በመጨረሻ ውዱን። በአንድ ጊዜ የሚነካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ዕቃ በአንድ ላይ ቀይሮ ማሽኑ ቢነሳ የትኛው እንደተበላሸ አይታወቅም፤ ገዢውም ለሁለት ደህና ዕቃዎች ያለምክንያት ከፍሏል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ ግድግዳው ላይ ነው። ሶኬቱ ሌላ ነገር ያበራል ወይ? ዲቫይደሩስ? የኮምፒዩተሩ ገመድ ከሞኒተሩ ገመድ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሮ መሞከር ደቂቃ አይፈጅም። ማሽኑ መብራትና የፋን ድምፅ እያሰማ ምስል ብቻ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ሞኒተሩና ወደ ምስል ገመዱ መዞር አለበት። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ግራ የሚጋባ ማሽንም አለ። ይህን ከሶኬት ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝና ትንሽ ቆይቶ መልሶ መሰካት አንዳንዴ ብቻውን ያስነሳዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ምንም ምልክት ካልታየ ተራው የፓወር ሰፕላዩ ነው። ይህ ሳጥን ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ አድርጎ የሚያከፋፍል ነው። መብራት ሲዋዥቅም ሆነ በድንገት ሲመለስ ጡጫውን መጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው። በመሆኑም ማሽኑ ጨርሶ ሲጨልም ከማዘርቦርዱ በፊት መጠርጠር ያለበት እርሱ ነው። ማረጋገጫው ከሌላ ደህና ማሽን ላይ የተወሰደ ተስማሚ ፓወር ሰፕላይ ገጥሞ ማየት ነው። ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን መነካካት ግን ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የተጠራቀመ ኃይል ሰው ሊጎዳ ይችላልና።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዴስክቶፕ የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ስለሆነ በአንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማቀያየሪያ አለ። 115 ላይ እንዳለ በእኛ ሶኬት ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ያለበት ግን ያለሥጋት ይሰካል። ጽሑፉን ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም።

የጩኸቱ ቋንቋ

ኮምፒዩተር ሲበራ በመጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። የአይቢኤም የመጀመሪያው ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ገበያ ላይ ሲውልም ይህ ልማድ ነበረው። ፍተሻው ሰላም ከሆነ በብዙ ማሽኖች አንድ አጭር «ጢጥ» ይሰማል፤ ችግር ካገኘ በተደጋጋሚ ይጮሃል ወይም መብራት ያርገበግባል። ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የጩኸቱን ብዛትና ርዝመት ጽፎ ለጠጋኙ መንገር ጊዜ ያተርፋል።

ማሽኑ እየጮኸ ምስል እምቢ ካለ ከተለመዱት ተጠርጣሪዎች አንዱ ራም ነው። ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል፤ የሠራተኛው እጅ የሳጥኑን ብረት ነክቶ በሰውነት ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል ያስወግዳል፤ ራሙ ተነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹ በነጭ ላጲስ በቀስታ ይጠረጉና ድምፁ እስኪሰማ ተገፍቶ ይመለሳል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር የተበላሸውን ይለያል። መርካቶን በመሰለ አቧራ በማያጣው ቦታ ይህ ሥራ ሞቷል የተባለ ማሽን ሊያስነሳ ይችላል።

ሌላው ትንሽ ዕቃ የሰዓት ባትሪ ነው። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ስሟ ሲአር 2032 ሲሆን 20 ስፋቷን በሚሊ ሜትር፣ 32 ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረቷን ያመለክታል፤ ጉልበቷም 3 ቮልት ነው። ነገሩ እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ በተሳሳተ ቀን ይወጣሉ፤ የባንክ ድረ ገጽም ቀኑ ስላልገጠመ አልከፍትም ሊል ይችላል። ይህን «ቫይረስ ነው» ብሎ ሙሉውን ማሽን የሚያጸዳ ጠጋኝ የነጋዴውን መዝገብ አብሮ ሊያጸዳ ይችላል።

ጥቂት ሰርቶ በራሱ የሚጠፋ ማሽን ደግሞ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ማሽኑን ያጠፋል። መድኃኒቱ ፋኑን በጣት ይዞ እንዳይሽከረከር እያደረጉ አቧራውን በአየር ማስወጣት፣ የደረቀውንም የፕሮሰሰር ፔስት መቀየር ነው። ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ ከግድግዳ ማራቅም ነጻ መከላከያ ነው።

ሀርድ ዲስክ ሲጮህ እጅ ይሰብሰብ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሞክሮ ማየትን ይፈቅዳል። ሀርድ ዲስክ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ፋይል ለመክፈት ያለወትሮው ከዘገየ ማሽኑን ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያብሳል። በዚያ ሰዓት ትክክለኛው እርምጃ ማጥፋት ነው። ከዚያም ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ላይ ከሁሉ በፊት መዝገቡን መገልበጥ ይቀድማል፤ መዝገቡ ሌላ ቅጂ ከሌለው ይህም ለባለሙያ ይተዋል። ጥገና ቤት የሚገባ ነጋዴም «ፎርማት ከመደረጉ በፊት ይጠየቅ» የሚል ቃል በወረቀት አስፍሮ ማስፈረም አለበት። የማሽን ዋጋ ይታወቃል፤ የዱቤ መዝገብ የጠፋበት ነጋዴ ግን ከማን ምን እንደሚቀበል እንኳ አያውቅም።

በእርግጥ ሲቃጠልስ?

ማዘርቦርድ የማይበላሽ ዕቃ አይደለም። በላዩ የቆሙት ትንንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ ምልክቱ በዓይን ይታያል። ይህ ችግር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ነበር፤ ዴል ኩባንያ በአንዳንድ ኦፕቲፕሌክስ ማሽኖቹ ላይ በደረሰ የካፓሲተር ብልሽት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2005 ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ በሒሳቡ ለመያዝ ተገዷል። እንዲህ ያለውን ካፓሲተር ብቻ ለይቶ የሚቀይር ጠጋኝ ካለ ቦርዱ ይተርፋል። በመሆኑም «ተቃጥሏል» የሚለውን ቃል የሰማ ባለቤት «የትኛው ክፍል? ምን ተሞክሮ ታወቀ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልስ የሌለው ፍርድ ሁለተኛ ጠጋኝ ያስፈልገዋል።

ጥገናው የሚያዋጣው መቼ ነው? መለኪያው የጥገናውን ዋጋ ተመሳሳይ ያገለገለ ማሽን ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባመዛኙ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። ለ4ኛ ጀነሬሽን ማሽን ብዙ ገንዘብ ማውጣት ይህን አውቆ መሆን አለበት። በአንጻሩ ደህና ሆኖ የዘገየ ማሽን ሀርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢተካ ባለቤቱ አዲስ የገዛ ያህል ሊሰማው ይችላል።

ገበያው ላይ ጥንቃቄ

ያገለገለ ዕቃ ነውር የለውም፤ ነውሩ አሮጌውን አዲስ ብሎ መሸጥ ነው። ሀርድ ዲስክ የሠራበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳየዋል። ዓመት 8,760 ሰዓት በመሆኑ 30,000 ሰዓት የሚያሳይ ዲስክ ያለዕረፍት ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቷል። ቆጣሪውን ማታለልም የሚችሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በጀርመን ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ የተመለሰ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተገኝተዋል፤ ኩባንያው ዲስኮቹን ለቸርቻሪዎች ያከፋፈለው እርሱ እንዳልሆነ አስታውቋል። ጀርመን የደረሰ እዚህ አይደርስም ማለት አይቻልም።

ፍላሽ ዲስክም እንዲሁ ነው። በማይታመን ዋጋ «2 ቴራባይት» የሚል ፍላሽ የእውነት መጠኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ አዲሱን ፋይል የተቀበለ መስሎ ያጠፋዋል። ከመገልበጡ በፊት ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም መፈተን ያሻል። ዋስትናም ቢሆን በቃል ሳይሆን የዕቃው መለያ ቁጥር በተጻፈበት ደረሰኝ ላይ ሲሰፍር ነው ዋስትና የሚባለው።

ከጥገናው በፊት ያለው ጥገና

ብዙዎች ስታቢላይዘር ገዝተው ተገላገልን ይላሉ። ስታቢላይዘር የተዋዠቀውን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን መብራት አይተካም። ፋይል ዘግቶ በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስችለው ዩፒኤስ ነው። የእርሱም ባትሪ በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው፤ ከዚያ በኋላ ጌጥ ይሆናል። ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም፤ ወረቀቱን ለማሞቅ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ከአነስተኛ ዩፒኤስ አቅም በላይ ነው።

የመጨረሻው መከላከያ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው፦ ቅጂ። የዕለቱ ሒሳብ ሲዘጋ መዝገቡ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይገለበጥ፤ አንደኛው ከሱቁ ውጭ ይደር። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ቅጂ ቫይረስ ሲገባም ሆነ ኃይል ሲመታ አብሮ ስለሚጠፋ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ዲስኩ ከሞተ በኋላ ስለ ቅጂ ማሰብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ጠዋት ማሽኑ አልነሳ ቢለው ደንበኛውን በሌላ ኮምፒዩተር ያስተናግዳል፤ የተበላሸውንም ከገመዱ ጀምሮ በእርጋታ ያስፈትሻል። «ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ቢመጣ እንኳ የሚቃጠልበት ማሽን እንጂ ንግድ አይደለም።