ቅርስ ያልተባለው የስሜን ቤት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚያየው ቆርቆሮ ነው። ሣር ክዳን ቤት የሚፈልግ ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ ወደ ተራራው ግርጌ መሄድ አለበት። እዚያም ቢሆን በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ይህን ቤት የሚጠብቀው የለም። አጠገቡ ያለው ገደል፣ ገደሉ ላይ የሚኖረው ዋልያ፣ ሜዳው ላይ የሚግጠው ጭላዳ ግን የዓለም ቅርስ ተብለው ከተመዘገቡ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኗቸዋል።

ቤቱን ቀረብ ብለን እንየው። ክቡ የደጋ ቤት ሲጀመር መሐሉ ላይ ችካል ተተክሎ፣ ዙሪያው በገመድ ተለክቶ ይሰመራል። ግድግዳው እንደ ቦታው ነው፤ ድንጋይ በቀረበበት ድንጋይ በጭቃ ይካባል፣ እንጨት በተገኘበት ቋሚ ተተክሎና በማገር ታስሮ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ወራጆቹ ከግድግዳው ተነሥተው ጉልላቱ ሥር ይገናኛሉ። ክዳኑ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይታሰራል፤ ጣራው ቁልቁል የሆነው የክረምቱ ዝናብና በረዶ ሳይጠራቀም እንዲወርድ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በደቦ እንጂ በአንድ ሰው ጉልበት አይቆምም።

ዋናው ብልሃት ግን ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ጋጣ፣ ከጋጣው በላይ ደግሞ ቆጥ አለ። ሌሊት ከብቱ ከታች ሲተኛ ትንፋሹና ሙቀቱ ወደ ቆጡ ይወጣል፤ 3,000 ሜትርን ባለፈ ደጋ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከብቱም ከጅብና ከነብር ይጠበቃል። ምድጃው ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በሣሩ መሐል ሰርጎ ይወጣና እንጨቱን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ጥቀርሻው ጣራውን ከነቀዝ ያድነዋል። እዚያው ጭስ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረዋን ሴት ዓይንና ሳንባ ግን አያድንም፤ ይህን ሳይናገር ሣር ቤትን የሚያሞግስ ሰው አንድም ሌሊት አላደረበትም ማለት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የዚህ ቤት አቻ የሆነው የገበሬ ቤት ሕግ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድብደባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ሕግ አሮጌ ቤቶች በመዝገብ እንዲሰፍሩ አዘዘ። እ.ኤ.አ. ከ1700 በፊት ተሠርቶ መልኩን ብዙ ያልለወጠ ቤት፣ የተራ አራሽም ይሁን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመዘገባል። ባለቤቱ እየኖረበትም መስኮቱን ወይም የሣር ክዳኑን ያለ ፈቃድ መለወጥ አይችልም። ወጪው ብዙ ጊዜ በእሱ ላይ ነውና ማማረሩ አይቀርም። ቢሆንም ያ ቤት ቅርስ የሆነው ንጉሥ ስላደረበት ሳይሆን ገበሬ ስለሠራው ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የገበሬን ቤት አያስወጣም። በተግባር ግን ስንመዘግብ ዓይናችን የሚያርፈው በቤተ ክርስቲያንና በግንብ ላይ ነው። ጎንደርን የሚያህል ጎረቤት ያለው አካባቢ ደግሞ ሁልጊዜ ከግንቡ ጥላ ሥር ነው።

የስሜን ብሔራዊ ፓርክ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኖ፣ ከላሊበላ ጋር በአንድ ቀን። የተመዘገበው ግን በተፈጥሮ መስፈርት ብቻ ነበር። በዚያ መስፈርት ሲለካ የገብሱ እርሻም ቤቱም የቅርሱ አካል ሳይሆኑ በቅርሱ ላይ የመጣ አደጋ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተመደበ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሰው ሰፈራና እርሻ መስፋፋት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ተነሣ። ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ፤ የግጭ መነሣትም ከመልካም ውጤቶቹ ተርታ ተቆጠረ።

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከአገሩ ከሴቬን ተራሮች ጋር አስተያይቶታል። በዚያ ዩኔስኮ የመዘገበው እረኛውንና ገበሬውን ከነአኗኗሩ ነው። ገበሬው በመነሣቱ ላይ ባለው የብላን ቁጣ ሁሉ ባልስማማም (የዋልያው ቁጥር ማሽቆልቆል ፈጠራ አልነበረም) ንጽጽሩ ግን ይቆረቁራል። ፈረንሳይ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ ኮንሶ በ2003 ዓ.ም. የተመዘገበው እርከኑና በድንጋይ የታጠረው መንደሩ ሰው የሠራው መልክዓ ምድር በመሆናቸው ነው። የኮንሶ ገበሬ የቅርሱ ባለቤት ሲሆን የስሜኑ ገበሬ የቅርሱ ስጋት ሆነ።

ቆርቆሮውንም «ዘመን አመጣው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሣርና እንጨት ያስፈልጋል። በፓርኩ ክልል ሁለቱንም ማጨድና መቁረጥ ክልክል ነው። ሰው ባሕር ዛፍ ተክሎ ቆርቆሮ ቢገዛ ምን ይፈረድበታል? ቆርቆሮ ደግሞ ለክብ ቤት አይመችምና ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ጋጣው ወደ ውጭ ወጣ፣ ቆጡም ቀረ። ሌሊቱ በረዷል፣ በረዶ ሲጥል ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ግን ክዳን ፍለጋ ጓሳ ውስጥ ገብቶ ከጠባቂ ጋር መጋጨት የለም።

ሰው ጭስ ውስጥ ይኑር የሚል ክርክር የለኝም። ግጭም ቢሆን ተመልሶ አይቆምም። የሚያስቆጨው ሌላ ነው፤ ለዋልያው ቆጠራ በየጊዜው ጉዞ ሲዘጋጅ፣ ለቤቱ አንድ ንድፍ ለማንሣት ሥራዬ ያለ ሰው አላውቅም። መለኪያ ሜትር፣ ወረቀትና ጥቂት ተማሪዎች ይበቃሉ፤ ደባርቅ አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት። በፓርኩ ዙሪያ ሣር ክዳን ቤት ገና አልጠፋም። ከግጭ የወረዱትም እዚያው ከተማ ናቸው፤ ወራጁ በየትኛው ልጥ እንደሚታሰር የሚያውቅ አዛውንት ለመጠየቅ ተራራ መውጣት አያስፈልግም።