አብሮ መማር በቴሌግራምና በጋራ ሰነድ

በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና በብዙ የከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሱ የቴሌግራም ግሩፕ የሌለው ክፍል ማግኘት ብርቅ እየሆነ መጥቷል። የክፍሉ ተወካይ ግሩፑን ይከፍታል፣ መምህሩ ሃንድአውቱን በፒዲኤፍ ይለቃል፣ የፈተናና የአሳይመንት ቀን በዚያው ይነገራል፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎችም ከነመልሳቸው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ልውውጥ ውስጥ አንዱ ተማሪ ከሌላው የሚማርበት ክፍል ምን ያህል እንደሆነ ሲመረመር፣ ግሩፑ በአብዛኛው የማከፋፈያ መስመር ብቻ ሆኖ ይገኛል። ፋይል በፍጥነት ማድረሱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ የትምህርት ዋጋ ያለው የአንዱ ተማሪ ሐሳብ በሌላው ዐይን እንዲታይ፣ እንዲጠየቅና እንዲታረም በማድረጋቸው ላይ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ መምህሩ ሥራውን አስቦ ካላዘጋጀው በራሱ የሚመጣ አይደለም።

በዚህ ርእስ ሥር ሁለት ዐይነት መሣሪያዎች ተለይተው ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው ማኅበራዊ ሚዲያ የሚባለው ሲሆን፣ እንደ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ያሉትን፣ ሰዎች መልእክት፣ ምስልና ቪዲዮ የሚለዋወጡባቸውን መድረኮች ያጠቃልላል። ሁለተኛው የኦንላይን የትብብር መሣሪያ ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች ከተለያየ ቦታ ሆነው አንድን ሥራ፣ ለምሳሌ አንድን ጽሑፍ ወይም ሠንጠረዥ፣ በጋራ የሚሠሩበት ነው። የሁለተኛው ዐይነት ታሪክ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዋርድ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጣው የመጀመሪያው ዊኪ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዊኪ ማለት ማንኛውም አንባቢ ገጹን ከፍቶ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል፣ የቀድሞውንም ይዘት መዝግቦ የሚያቆይ የጽሑፍ ሥርዐት ነው። በዚሁ ሐሳብ ላይ ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሠረተ፤ በ2002 አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ሙድል የተባለውን፣ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበትን ነጻ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዐት አወጣ፤ በ2006 ደግሞ ጉግል ዶክስ በመጣ ጊዜ ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ መጻፋቸው ለተራው ተጠቃሚ ቀላል ሆነ።

አብሮ መሥራት ለምን ያስተምራል ለሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1934 የኖረው የሶቭየት የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ፣ አንድ ልጅ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና ከእርሱ የተሻለ ሰው ሲያግዘው ሊሠራው በሚችለው መካከል ክፍተት አለ፤ ትምህርት የሚከናወነውም በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። አጋዡ የግድ መምህር መሆን የለበትም፤ አንድ እርምጃ የቀደመ ጓደኛ ይበቃል። ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶች መሪጌታው ብዙ ተማሪዎችን ይዞ የሚዘልቀው፣ የተሻለው ተማሪ ጀማሪውን እያስቀጸለ፣ ማለትም ቃሉን እየሰጠና እየተቀበለ ስለሚያስጠናው ጭምር ሲሆን፣ ያስጠናውም ተማሪ ራሱ እየጸናበት ይሄዳል። በቅርብ ዘመን በትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ የነበረው አንድ ለአምስት የሚባለው፣ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎች አምስት ተማሪዎችን የሚያግዝበት አደረጃጀትም በመርሑ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሥራውን አንዱ ጎበዝ ተማሪ ብቻውን ሠርቶ የሌሎቹ ስም ከሥር የሚጻፍ መሆኑ ነበር፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ በግሩፕ አሳይመንት ላይ የሚሰማው ምሬት ይኸው ነው። የጋራ ሰነድ ለዚህ አሮጌ ችግር የሚሰጠው መፍትሔ ከዚህ በታች የሚታይ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ግምት ከመሣሪያው ጥቅሞች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ቴሌግራም በኢትዮጵያ ይህን ያህል የተስፋፋው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ይህ መተግበሪያ በአንድ ግሩፕ እስከ 200 ሺህ አባላት ይይዛል፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያስተላልፋል፣ ፋይሉንም በኩባንያው ማከማቻ ስለሚያኖረው ተማሪው በሚፈልገው ጊዜ ብቻ አውርዶ የስልኩን ቦታና የዳታ ፓኬጁን ይቆጥባል። የግሩፑ አስተዳዳሪ እንዲታይ ካደረገው ዘግይቶ የገባ አባልም የቀደመውን መልእክት ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ የሚችል በመሆኑ፣ በወሩ መጨረሻ የተመዘገበ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ሃንድአውት አይጎድልበትም። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ባለበት ወቅት የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችም ቤት ዋሉ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ጥረት ሲደረግ፣ በከተማ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወርክሺትና መልመጃ በቴሌግራም ለወላጆች መላክ ጀመሩ። የያኔው ዓላማ ትምህርቱን በችኮላ ማድረስ ነበርና ግሩፖቹ የማከፋፈያ ጠባይ መያዛቸው አያስደንቅም፤ የሚያሳዝነው ችኮላው ካለፈ ከዓመታት በኋላም ያው ጠባይ መቀጠሉ ነው።

ያንኑ ቴሌግራም ለመማሪያነት ለማዋል አዲስ መተግበሪያ መጫን አያስፈልግም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያስፋፋው የእርስ በርስ ማስተማር የሚባል ዘዴ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። መምህሩ ስሌት ሳይሆን ጽንሰ ሐሳብ የሚፈትን አንድ የምርጫ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው በመጀመሪያ ለብቻው አስቦ ይመልሳል፤ በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ያህል ከሆኑ መምህሩ መልሱን ሳይናገር እያንዳንዱ ተማሪ የተለየ መልስ ከመረጠ ጓደኛው ጋር እንዲከራከር ያደርጋል፤ ከዚያም ሁሉም እንደገና ይመልሳሉ። በጣም ጥቂቶች ብቻ ካወቁት ክርክሩ ፍሬ ስለማይኖረው መምህሩ ትምህርቱን ይደግማል፣ አብዛኞቹ ካወቁትም ያልፈዋል። በቴሌግራም ላይ ያለው የድምፅ መስጫ ይህን ለማድረግ ይበቃል፤ ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጨመረው የኩዊዝ ዐይነት ድምፅ መስጫ ተማሪው አንዴ እንደነካው ትክክለኛውን መልስ ስለሚያሳየውና ምርጫውን እንዳይቀይር ስለሚከለክለው ለክርክር አይሆንም፤ ለዚህ የሚስማማው ተራው ድምፅ መስጫ ሲሆን፣ እርሱ ድምፅን ማንሣትና እንደገና መስጠት ይፈቅዳል። ብዙ መምህራን ኩዊዙን የሚመርጡት ራሱ ስለሚያርምላቸው ነው፤ ግን እርማቱ ክርክሩን ከቀደመው ተማሪው የሚያገኘው መልሱን ብቻ ነው።

የጋራ ሰነድ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ለምሳሌ የአንድ ክፍል ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው በጣና ሐይቅ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ስለተስፋፋው እምቦጭ የተባለ አረም ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ቢታዘዙ፣ በተለመደው አሠራር አንዱ ከኢንተርኔት ገልብጦ፣ ሌላው አሳትሞ፣ ሦስተኛው የሽፋን ገጹን አሳምሮ ያስረክባሉ። በጉግል ዶክስ ሲሆን ግን ሰነዱ አንድ፣ ጸሐፊዎቹ አምስት ናቸው፤ የአረሙን ሥነ ሕይወት የጻፈችው ተማሪ በዓሣ አስጋሪዎች ላይ ስላደረሰው ጉዳት የጻፈውን ጓደኛዋን አንቀጽ አንብባ በጠርዙ ላይ ጥያቄ ትጽፍለታለች፣ እርሱም ወይ ያስተካክላል ወይ ይከራከራል። ሰነዱ የለውጦች ታሪክ የሚባል መዝገብ አለው፤ ይህ መዝገብ ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደጻፈ፣ እንደሰረዘና እንደቀየረ በየሰው ቀለም ለይቶ ያሳያል። መምህሩ ከመጨረሻው ጽሑፍ ይልቅ ይህን መዝገብ ቢመዝን፣ ለምሳሌ ከ20 ነጥብ ግማሹን ለጓደኛ ሥራ ለተሰጠ አስተያየትና በአስተያየቱ መሠረት ለተደረገ እርማት ቢሰጥ፣ ስሙን ብቻ ያስገባ ተማሪ ይታወቃል፤ ከሁሉ በላይ ግን በመጀመሪያው ረቂቅ መሳሳት እንደ ውርደት መታየቱ ይቀራል፤ ምክንያቱም ውጤቱ የሚሰጠው ስሕተቱን ላረመው ነው። ሌሊት በአንድ ጊዜ ተገልብጦ የተለጠፈ ሦስት ገጽ ጽሑፍም በዚያው መዝገብ ላይ እንደ አንድ ጥቅል ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ተማሪዎች ለመምህር ብቻ ሳይሆን ለእውነተኛ አንባቢ እንዲጽፉ ማድረግም ሌላው መንገድ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የዊኪፒዲያ መጣጥፍ መጻፍና ማሻሻል እንደ መደበኛ የክፍል ሥራ ሲሰጥ ዓመታት አልፈዋል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ከ10 ሺህ በላይ መጣጥፎች ቢኖሩትም ብዙዎቹ ከጥቂት መስመሮች የማያልፉ ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዋወጡበት ዓለም አቀፍ ኮድ፣ ውስጥ ከገባ ወዲህ በስልክ በአማርኛ መጻፍ የሚከለክል ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። ስለ ትውልድ ወረዳው፣ ስለ አካባቢው ዕፀዋት ወይም ስለ አንድ የሳይንስ ጽንሰ ሐሳብ ምንጭ እየጠቀሰ በአማርኛ የጻፈ ተማሪ፣ ጽሑፉ በማያውቀው ሰው ሲታረም ምንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር እንደማይቆም በተግባር ይማራል። የሥራው ውጤትም መምህሩ ካረመው በኋላ የሚጣል ወረቀት ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የሚያነበው ይሆናል።

የእነዚህ መሣሪያዎች ጉዳት ሊሸፈን አይገባም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ ሚዲያ በመሠራጨታቸው ፈተናው ተሰርዞ በድጋሚ እንዲሰጥ ተደረገ፤ በድጋሚው ፈተና ሰሞንም መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያዎችን ለጊዜው ዘጋ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በፈተናው ሳምንት ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋረጠ። የፈተናን ክብር መጠበቅ ተገቢ ቢሆንም፣ ኢንተርኔትን መዝጋት የሐኪሙን፣ የነጋዴውንና የሚያጠናውን ተማሪ መንገድ አብሮ የሚዘጋ በመሆኑ መፍትሔ ተብሎ ሊጠራ አይችልም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ስልክ ሳይዙ እንዲሰጥ በተደረገበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙና የቆየ ነው፤ ቢሆንም በስልክ ውስጥ የተከማቸ የጥያቄና መልስ ፋይል በጭንቅላት ውስጥ የገባ ዕውቀት እንዳልሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

የግል መረጃም ጉዳይ አለ። በዋትስአፕ ግሩፕ የእያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥር ለሌላው የሚታይ ሲሆን፣ በቴሌግራም ግን ቁጥሩን መሸፈን ይቻላል፤ ለሴት ተማሪዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የተማሪዎችን ውጤት ከነስማቸው በግሩፕ ላይ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ፣ ይህ ልማድ ከሥነ ምግባር ጥያቄነት አልፎ የሕግ ጥያቄ የሚያስነሣ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቶች ውጤትን ለየተማሪው ለብቻው የሚያደርሱበትን መንገድ ሊያስቡበት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን መሣሪያው ፈጽሞ የማይደርሳቸው ተማሪዎች ጉዳይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጡ ግምቶች መሠረት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ ነው፤ ስልክ ባለበት ቤትም ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ስልክ፣ እርሱም የአባት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት መብራት በጠፋና መሣሪያው በተበላሸ ቁጥር ክፍሉን ባዶ ያስቀር እንደነበር የሚያስታውሱ መምህራን፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ደግነቱ የትብብር መሣሪያዎች ሁሉ የኢንተርኔት ጥገኛ አይደሉም። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኢተርፓድ የተባለው የጋራ መጻፊያና ሙድልም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው በዋይፋይ ብቻ፣ ያለ አንድ ብር የዳታ ወጪ፣ ለመላው ክፍል ሊያገለግሉ ይችላሉ። አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና ጥቂት ያገለገሉ ስልኮች ካሉት፣ ተማሪዎቹ በእረፍትና ከትምህርት በኋላ ባለው ሰዓት በጋራ ሰነድ ላይ መጻፍ ይችላሉ፤ ስልክ የሌላት ተማሪም ከጓደኛዋ ጋር በአንድ ስልክ በተራ መሥራት አያቅታትም።

የቀረው የመምህሩ ጊዜ ነው። እያንዳንዳቸው ከ60 በላይ ተማሪዎች ያሉባቸውን አራትና አምስት ክፍሎች የሚያስተምር መምህር፣ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የቴሌግራም ጥያቄ እንዲመልስና በተጨማሪ በየክፍሉ የ12 ቡድኖችን የለውጦች ታሪክ እንዲመረምር መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ለጥያቄ የሚመለስበት ሰዓት በግልጽ ሊወሰን፣ መጀመሪያ ጓደኛሞች እርስ በርስ እንዲመላለሱ፣ መምህሩም ሳይመለስ የቀረውን ብቻ እንዲይዝ ሊደረግ ይገባል፤ በየሳምንቱም ከ12ቱ ቡድኖች የሦስቱን መዝገብ ብቻ በዕጣ መርጦ ቢመለከት፣ የማን ዕጣ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ቡድን ሠርቶ ይጠብቃል። ይህን ሥራ የሚያስተዳድሩ አካላትም ሰዓቱን ከመምህሩ የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ጋር አብረው ሊቆጥሩለት ይገባል፤ ካልተቆጠረለት ግሩፑ ወደ ፋይል ማከፋፈያነቱ ይመለሳል።