የጠላቂው ልብስ እንዴት ይመረጣል?

በጥቅምት ወር በአንድ ማለዳ፣ የጠላቂ ጓዶችን ልምምድ ለመመልከት በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርቻ ተገኝተን ነበር። ካየነው ሁሉ እስከ ዛሬ ከአእምሯችን ያልጠፋው የአንድ ወጣት ወታደር እጅ ነው። ከውሃው በወጣ ጊዜ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ጣቶቹ የእርሳስ ቀበቶውን መፍታት ተስኗቸዋል። ቀበቶውን የፈታለት ጓደኛው ነው። ጠላቂው አደጋ ሲገጥመው ፈትቶ በመጣል ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ይህንኑ ቀበቶ በመሆኑ፣ ነገሩ የደረሰው በጥልቁ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደነበር አንባቢ ይገምተው።

በዚያው ውሃ ውስጥ ያንኑ ያህል ጊዜ የቆየው ጓደኛው ግን እየሳቀ ሻይ ይጠይቅ ነበር። ሁለቱም የለበሱት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ልብስ ነው። ልዩነቱ፣ ወጣቱ ልብሱን የተዋሰው በቁመትም በደረትም ከሚበልጠው ሰው መሆኑ ነበር።

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። በቀድሞው ጊዜ ጠላቂ እንዳይበርደው ከተፈለገ ፈጽሞ መራስ የለበትም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች መላ ሲፈልግ ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። ሙቀትን የሚጠብቀው መድረቅ ሳይሆን፣ ኒዮፕሪን በተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ውስጥ የታሰሩት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች መሆናቸውን ተገነዘበ። ወደ ልብሱ የሚገባው ጥቂት ውሃ በሰውነት ሙቀት ይሞቅና በዚያው ይቆያል። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ግን የሞቀው ውሃ እየወጣ ቀዝቃዛው ይተካል፤ ሰውነትም ያለማቋረጥ አዲስ ውሃ ሲያሞቅ ይውላል። ይህ በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ስለዚህ ከውፍረቱ በፊት ልክነቱ ይታይ እንላለን። በዚህ ረገድ ባል በራሱ ላይ ዳኛ መሆን አይችልም፤ ጀርባውን የምታይለት ባለቤቱ ናት። ልብሱን በቤት ውስጥ ለብሶ እጆቹን ያንሣ፣ ቁጢጥ ይበል፣ ይጎንበስ። እርሷም ወገቡ ላይ ከጀርባው ጉድጓድ፣ ከብብቱና ከአንገቱ ክፍተት መኖር አለመኖሩን ትመልከት። ጎማው በእጅ ተጨብጦ የሚሳብ ከሆነ ልብሱ ሰፊ ነው። በረጅሙ መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ጠባብ ነው፤ በተለይ አንገትን የሚያንቅ ልብስ ራስን እስከ ማዞር ያደርሳል። በየብስ ላይ እንደ ፒጃማ የሚመች ልብስ ግን በውሃ ውስጥ አይረባም። የአምናው ልብስ ዘንድሮ ጠበበኝ የሚል ጓድ ቢኖር፣ ጎማውን ከመውቀሱ በፊት የባለቤቱን ወጥ ያስታውስ።

ውፍረቱ እንደ ውሃው ነው። ለታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሞቃት ውሃ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለደጋ ሐይቆቻችን፣ በተለይም ከታች ለሚቆይ ሰው፣ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ጥልቀት ሲጨምር አረፋዎቹ እንደሚጨፈለቁም መዘንጋት አይገባም። በባሕር ውስጥ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል እጥፍ ይሆናል፤ እንደ ቢሾፍቱ ባለ ከፍተኛ ቦታ ደግሞ ከእጥፍም ያልፋል። ልብሱም የዚያኑ ያህል ይሳሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። እጅጌውና እግሩ አጭር የሆነው ልብስ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ለሥራ ግን ክንድን ለድንጋይና ለኮራል አሳልፎ ይሰጣል። የሰውነት ሙቀት ግማሹ በራስ በኩል ይወጣል የሚለው የቆየ ትምህርት ስሕተት ነው፤ ሆኖም በቀዝቃዛ ውሃ የጎማ ቆብ ማድረግ ያስፈልጋል። ዚፑ ከኋላ ይሁን ከደረት የግል ምርጫ ነው።

ልብሱ ሲለወጥ እርሳሱም እንደገና ይመዘን፤ ወፍራም ጎማ ይበልጥ ያንሳፍፋልና። ከባሕር ወደ ሐይቅ የሚመጣ ጠላቂ ደግሞ ይቀንስ። ከነትጥቁ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ኪሎ ተኩል ያህል እርሳስ ማውለቅ ይኖርበታል።

ያ ወጣት በሦስተኛው ሳምንት የራሱን ልብስ ይዞ መጣ። የደረቱን፣ የወገቡንና የአንገቱን ልክ በሜትር ለክታ የጻፈችለት ባለቤቱ ናት። ያን ቀን ከውሃው ሲወጣ ቀበቶውን በገዛ እጁ ፈታ።

ስለ አጠባው ጥቂት እንጨምር። ባሎች በውሃ ውስጥ ሽንታቸውን በልብሱ ላይ እንደሚሸኑ ባይናገሩም ሽታው ይናገራል። ልብሱ በተገለበጠበት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ፈላ ውሃና የልብስ ማጠቢያ መኪና አይንካው፤ ፀሐይም ጎማውን ያደርቀዋልና በጥላ ይሰጣ። በቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰቀለ ትከሻው ይሸነቆራል። የወጣቱ ባለቤት ሁለት የካፖርት መስቀያዎችን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድ ላይ አሥራ፣ ልብሱን ከበሩ ኋላ ሰቅላዋለች።